ፕሮቲኑ የበሽታው ነው ወይስ የቱቦው? በኦቶኢሚዩን ጥናት ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ማስ ስፔክትሮሜትር፣ ማለትም ፕሮቲኖችን በክብደታቸው የሚለየው መሣሪያ፣ ውድ ማሽን ስለሆነ ሰው ጥንቃቄውን ሁሉ እዚያ ላይ ያፈሳል። ሰውነት ራሱን በሚያጠቃባቸው (ኦቶኢሚዩን) በሽታዎች፣ ለምሳሌ በሩማቶይድ አርትራይተስ ወይም በሉፐስ ታማሚዎች ደም ላይ ለሚሠራ ተመራማሪ ግን ብዙው ጥፋት የሚደርሰው ደሙ ማሽኑ ጋ ሳይደርስ ነው።

ሴረምና ፕላዝማን አትቀላቅሉ። ሴረም የሚገኘው ደሙ ከረጋ በኋላ ነው፤ ፕላዝማ ግን እንዳይረጋ ከተደረገ ደም የሚለይ ፈሳሽ ነው። ደም ሲረጋ ፕሌትሌቶች (ደም እንዲረጋ የሚረዱ ጥቃቅን የደም ክፍሎች) በውስጣቸው ያለውን ፕሮቲን ይለቃሉ። የታማሚዎቹ ሴረም፣ የጤነኞቹ ፕላዝማ ከሆነ ያገኛችሁት ልዩነት የመርጋት ውጤት ሊሆን ይችላል። ወይን ጠጅ ክዳን ያለውን፣ ደም እንዳይረጋ የሚያደርገውን የኢዲቲኤ ቱቦ ከመረጣችሁ እስከ መጨረሻው በሱ ቀጥሉ።

ደሙን ጠረጴዛ ላይ አታቆዩ። ይሄኛው በጣም ተንኮለኛ ነው። የታማሚዎቹ ደም ጠዋት ክሊኒክ ይቀዳል፤ ነርሷ ሥራ በዝቶባታል፤ ወደ ላብ የሚያደርሰው ልጅ ምሳ ወጥቷል። የጤነኞቹ ደም ደግሞ እዚያው ላብ ውስጥ ከባልደረቦች ተቀድቶ ወዲያው ሴንትሪፊዩጅ ይገባል። በቆየው ደም ውስጥ ኒውትሮፊሎች (የነጭ ደም ሴል ዓይነት) እየፈረሱ ካልፕሮቴክቲን የሚባል ፕሮቲን ያፈሳሉ። ካልፕሮቴክቲን ደግሞ በመገጣጠሚያ ብግነት የሚጨምር እውነተኛ ምልክት ነው። እንግዲህ ስህተቱ የጠበቃችሁትን መልስ ለብሶ መጣ ማለት ነው፤ ማን ይጠረጥረዋል? መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ የተቀዳበትንና ፍሪዘር የገባበትን ሰዓት በእያንዳንዱ ቱቦ መዝግቡ። ፕላዝማው ቀላ ብሎ ከታየም ቀይ የደም ሴሎች ፈርሰዋልና ጻፉት።

የታማሚዎቹን ናሙና ሰኞ፣ የጤነኞቹን ሐሙስ በማሽኑ አታስነብቡ። ማሽኑ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ይለዋወጣል። እ.ኤ.አ. በ2002 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ አንድ ጥናት የኦቫሪ ካንሰርን ከሴረም ፕሮቲን ቅርጽ መለየት ይቻላል ብሎ ዓለምን አስደምሞ ነበር። በኋላ የስታቲስቲክስ ባለሙያው ኪት ባገርሊና ባልደረቦቹ ለሕዝብ የተለቀቀውን መረጃ ፈትሸው፣ ልዩነቱ ከበሽታው ሳይሆን ከናሙና አሠራር ሊመጣ እንደሚችል አሳዩ። ናሙናዎችን አደባልቃችሁ በዕጣ አሰልፉ።

ያልታየውን ዜሮ አትበሉ። በደም ውስጥ አልቡሚን በሚሊሊትር 40 ሚሊግራም ገደማ ነው። በጤነኛ ሰው ኢንተርሉኪን-6 የሚባለው የብግነት ፕሮቲን በሚሊሊትር ጥቂት ፒኮግራም (የግራም ትሪሊዮንኛ) ብቻ ነው፤ የአሥር ቢሊዮን እጥፍ ልዩነት ማለት ነው። ማሽኑ ካላየው የለም ማለት አይደለም። ዜሮ ከሞላችሁበት ግን የሌለ ልዩነት በእጃችሁ ሠራችሁ።

ከጤነኛ ሰው ጋር ብቻ አታወዳድሩ። ሲአርፒ የሚባለው የብግነት ፕሮቲን እ.ኤ.አ. በ1930 የተገኘው በሳንባ ምች ታማሚዎች ደም ውስጥ ነበር፤ በብዙ ዓይነት ኢንፌክሽን ይጨምራል። «በሉፐስ ታማሚዎች ከፍ አለ» ብቻውን ብዙ አይነግርም። የሪህ (ጋውት) ወይም የኢንፌክሽን ታማሚ አብሮ ይኑር። መድኃኒትም አለ፤ ብግነት የሚያበርደውን ፕሬድኒሶሎን የሚወስድ ሰው የበሽታውን ሳይሆን የመድኃኒቱን ፕሮቲዮም (የፕሮቲኖች ስብስብ) ያሳያችኋል። ከአሥር የሉፐስ ታማሚዎች ዘጠኙ ሴቶች ናቸውና ማወዳደሪያውን በወንዶች አትሙሉት። የዘር ሐረግም ይቆጠራል። ኤምሲፒ-1 የሚባለው ኬሞካይን (የመከላከያ ሴሎችን የሚጠራ ፕሮቲን) መጠኑ በዳፊ ጂን ዓይነት ይለያያል፤ ይህ ጂን በቀይ የደም ሴል ላይ የሚገኝ ተቀባይ ይሠራል። ዳፊ-ኔጌቲቭ (ተቀባዩ በቀይ የደም ሴሉ ላይ የሌለው) ሰው ደግሞ በኢትዮጵያ ብዙ ነው፤ የኢትዮጵያውያንን ናሙና ከአውሮፓ ማወዳደሪያ ጋር የሚያስቀምጥ ይህን ይያዝ።

3,000 ፕሮቲን ለክታችሁ የፒ-ዋጋ 0.05ን (ልዩነት ሳይኖር በዕድል የመውጣት 5 በመቶ ወሰን) መስፈሪያ ካደረጋችሁ፣ ምንም ልዩነት ባይኖር እንኳ 150 ያህል «ግኝት» በዕድል ብቻ ይወጣል። የብዙ ፈተናዎችን ስታቲስቲካዊ ማስተካከያ ሥሩ፤ እዚህ ላይ ክርክር የለም።

ሲትሩሊንን (አርጂኒን ከተባለው አሚኖ አሲድ ተለውጦ የሚሠራ) በሶፍትዌር ቃል ብቻ አትመኑ። በሩማቶይድ አርትራይተስ ሰውነት ፀረ እንግዳ አካል ከሚያመርትባቸው መካከል ሲትሩሊን የተሠራባቸው ፕሮቲኖች አሉ፤ ስለዚህ ሁሉም ይፈልጋቸዋል። አርጂኒን ወደ ሲትሩሊን ሲለወጥ ክብደቱ በ0.984 ዳልተን (የሞለኪውል ክብደት መለኪያ) ይጨምራል። አስፓራጂን የተባለ ሌላ አሚኖ አሲድ ዲአሚዴት ሲሆንም (የአሚድ ክፍሉን ሲያጣ) ጭማሪው ያው 0.984 ነው። ይሄ ደግሞ ናሙናው ሲዘጋጅ ሞቆ ከቆየ በራሱ ይከሰታል። ሁለት መፈተሻ አለ። ፕሮቲኑን ወደ ትናንሽ ቁራጮች (ፔፕታይዶች) የሚቆርጠው ኤንዛይም ትሪፕሲን ከሲትሩሊን በኋላ አይቆርጥም፤ ፔፕታይዱ ጫፍ ላይ ሲትሩሊን አለ የሚል ውጤት ካያችሁ ጠርጥሩ። ሁለተኛው፣ ስፔክትረሙን (የማሽኑን የክብደት ንባብ) ራሳችሁ ከፍታችሁ የ43 ዳልተን መቀነስ ፈልጉ። ሲትሩሊን ሲሰበር ኢሶሳያኒክ አሲድ ይለቃልና። ዲአሚዴት የሆነ አስፓራጂን ይህን አያሳይም።