ፈረንሳይ ለገባችሁ የወሎ ልጆች፦ ከትምህርት ቤት በር እስከ ፈተና ክፍል የሚያስፈልጉ ቃላት

ሰሞኑን ደሴ ነኝ፣ እናቴ ቤት። ከፈረንሳይ መምጣቴን የሰማ ሁሉ ጥያቄ ይዞ ጎራ ይላል። ትናንት ቡና ላይ ሁለት ሰዎች ተገጣጠሙ። አንዷ ጎረቤታችን ናት። ባሏ ሊዮን ነው ያለው፤ የ6 ዓመት ወንድ ልጇንና የ12 ዓመት ሴት ልጇን ይዛ በቅርቡ ትሄዳለች። ሌላው የኮምቦልቻ ልጅ ነው፤ ለማስተርስ ተቀብለውታል። የሁለቱም ጥያቄ አንድ ነበር፦ "ከየትኛው ቃል እንጀምር?" ለእነሱ ያልኩትን፣ እዚያ ደርሳችሁ ገና ወር ላልሞላችሁም ልጻፈው።

ከ"ቦንዡር" ቀጥሎ መያዝ ያለበት ይሄ ነው፦ "ዠ ኔ ፓ ኮምፕሪ"። አልገባኝም ማለት ነው።

ለምን መጀመሪያ? እኛ ቤት ታላቅ ሲናገር ማቋረጥ ነውር ነው። ባይገባንም ራሳችንን እንነቀንቃለን። እዚያ ግን የነቀነቀ ሰው ገብቶታል ተብሎ ይታለፋል። እኔ ላይ የደረሰውን ልንገራችሁ። ዩኒቨርሲቲ ልመዘገብ ስሄድ የቢሮዋ ሴትዮ በፍጥነት የሆነ ነገር አስረዳችኝ። "ዊ፣ ዊ"፣ አዎ አዎ፣ ብዬ ወጣሁ። ለካ ምዝገባው ሁለት ኖሯል። አንደኛው "አንስክሪፕስዮን አድሚኒስትራቲቭ" ነው፤ ከፍላችሁ የተማሪ ካርድ የምታገኙበት። ሁለተኛው "አንስክሪፕስዮን ፔዳጎዢክ" ነው፤ የምትማሯቸውን ኮርሶችና የምትገቡበትን ቡድን የምትመዘገቡበት። ሁለተኛውን ሳላደርግ ቀረሁ። ፈተና ሲደርስ ስሜ ዝርዝሩ ላይ አልነበረም። ነገሩን ለማስተካከል ሳምንታት ፈጀብኝ። "አልገባኝም" ብል ኖሮ ሁለት ደቂቃ ነበር።

እንግዲህ እነዚህን ሦስቱን ደግሞ ጨምሩ። "ፑቬ ቩ ሬፔቴ፣ ሲል ቩ ፕሌ?" እባክዎ ይድገሙልኝ። "ፕሉ ላንትማን" ቀስ ብለው። "ፑቬ ቩ ሌክሪር?" ይጻፉልኝ። ሦስተኛዋ ለእኔ ወርቅ ነበረች። የተጻፈ ነገር ቤት ወስዳችሁ በስልክ ትተረጉሙታላችሁ። በነገራችን ላይ የፈረንሳይኛን ድምፅ በፊደላችን ልክ አድርጎ መጻፍ አይቻልም። እኔ የጻፍኩትን እንደ መንገድ አመልካች ያዙት፤ ትክክለኛውን ድምፅ ከስልካችሁ ስሙ።

"ቩ" ማለት አንቱ ነው። ወሎ ላደገ ሰው ይሄ አይከብድም። ለመምህር፣ ለጸሐፊ፣ ለማታውቁት ሰው ሁሉ "ቩ" በሉ። የክፍል ጓደኞቻችሁ ግን ከመጀመሪያው ቀን "ቱ" ይሏችኋል፣ አንተ ወይም አንቺ። ንቀት አይደለም። እናንተም "ቱ" በሏቸው። ሰላምታ ግን አትዝለሉ። "እንዴት አደሩ" ሳይባል ወሬ እንደማይጀመር ሁሉ፣ "ቦንዡር ማዳም" ሳትሉ ጥያቄ ብታቀርቡ ፊታቸው ይጠቁራል።

አሁን ወደ ልጆቹ። ፈረንሳይ ውስጥ ትምህርት ከ3 ዓመት ጀምሮ ግዴታ ነው፤ የመንግሥት ትምህርት ቤት ደግሞ በነጻ ነው። ለትንንሾቹ ምዝገባው የሚጀመረው ከ"ሜሪ" ነው፣ ከማዘጋጃ ቤቱ። የልደት ወረቀት፣ የክትባት ካርድና የቤት አድራሻ ማስረጃ ይጠይቃሉ። የ6 ዓመቱ ልጅ "ሴ ፔ" ይገባል፤ የእኛ አንደኛ ክፍል ነው። እህቱ የምትገባው "ኮሌዥ" ነው። ጎረቤታችን ይሄን ስትሰማ ደነገጠች። እኛ ኮሌጅ የምንለው ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል በኋላ ነዋ። የእነሱ "ኮሌዥ" ከ11 እስከ 15 ዓመት ላሉ ልጆች ነው። ከዚያ "ሊሴ"፣ የከፍተኛ ሁለተኛ ደረጃው፣ ይመጣል፤ አዲስ አበባ ባለው ሊሴ ገብረ ማርያም ምክንያት ቃሉን ታውቁታላችሁ። ሌላው ግራ የሚያጋባው ክፍሎቹ ወደ ታች መቆጠራቸው ነው። ኮሌዥ የሚጀመረው ከ"ሲዚዬም" ነው፣ ስድስተኛ። ቀጥሎ "ሳንኪዬም" አምስተኛ፣ "ካትሪዬም" አራተኛ፣ "ትሯዚዬም" ሦስተኛ። ልጅቷ ሳንኪዬም ገባች ቢሏችሁ ወደ ኋላ አልመለሷትም፤ የዕድሜዋ ክፍል ነው። ፈረንሳይኛ ገና ለማይችሉ ልጆች "ዩ ፔ ደ አ" የሚባል የቋንቋ ክፍል አለ። "ማ ፊይ አሪቭ ዴቲዮፒ" ብላችሁ ጠይቁ። ልጄ ከኢትዮጵያ ገና መምጣቷ ነው እንደማለት ነው።

ትንሹ ልጅ ቦርሳው ውስጥ "ካዬ ደ ሊየዞን" ይዞ ይመጣል። መምህሯና ወላጅ የሚጻጻፉበት ደብተር ነው። ይሄን ደብተር እንደ ቀላል አትዩት። በየማታው ክፈቱት። ያልገባችሁ ወረቀት ቢኖርም ፈርሙና "ዠ ኔ ፓ ኮምፕሪ" ብላችሁ ጻፉበት። ያልተፈረመ ወረቀት ስታይ መምህሯ ወላጅ ግድ የለውም ብላ ልታስብ ትችላለች። ደብተሩ ላይ ደጋግማችሁ የምታዩአቸው ቃላት አሉ። "ሶርቲ" የክፍሉ ጉዞ ነው። "ሬዩንዮን" የወላጆች ስብሰባ ነው። "ግሬቭ" የሥራ ማቆም አድማ ነው፤ ያን ቀን ትምህርት ላይኖር ይችላል። ልጁ ሲታመም ጠዋቱን ደውሉ፦ "ሞን ፊስ ኤ ማላድ፣ ኢል ሰራ አብሳን ኦዡርዱዊ"። ልጄ ታሟል፣ ዛሬ አይመጣም።

ስም ላይ በደንብ ልቆይ፤ ብዙ ሰው የሚቸገርበት ነው። ቅጽ ላይ "ኖም" የቤተሰብ ስም ነው፤ "ፕሬኖም" የራስ ስም ነው። እኛ ደግሞ የቤተሰብ ስም የለንም። እናት በአባቷ ትጠራለች፣ ልጅ በአባቱ። በር ላይ ልጇን ልትወስድ የመጣች እናት ስሟ ከልጁ ስም ጋር አይገጥምም። ስለዚህ ይቺን ያዙ፦ "ዠ ስዊ ሳ ሜር"፣ እናቱ ነኝ። አባት ከሆነ "ዠ ስዊ ሶን ፔር"። የልደት ወረቀቱን በሕጋዊ አስተርጓሚ አስተርጉማችሁ ያዙ። በየቅጹ ላይ ስማችሁን ፓስፖርቱ ላይ እንዳለው፣ ፊደል ሳትቀይሩ ጻፉ።

የጎረቤታችን ልጅ ሂጃብ ትለብሳለች። ይሄን ሳልነግራት ብቀር ይቆጨኛል። እ.ኤ.አ. በማርች 15 ቀን 2004 በወጣ ሕግ፣ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ተማሪ ሃይማኖቱን በጉልህ የሚያሳይ ነገር መልበስ አይችልም። ሂጃብም ትልቅ መስቀልም ይከለከላል። ከ2023 ጀምሮ አባያም፣ ረጅሙ ቀሚስ፣ ተጨምሯል። አንገት ላይ ያለች ትንሽ መስቀል አትከለከልም። ሕጉ እስከ ሊሴ ድረስ ነው፤ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን አይመለከትም። ልጅቷ በር ላይ በሰው ፊት ከምትሰማው፣ ቤት ውስጥ ከእናቷ ብትሰማው ይሻላል። ምሳ በሚበሉበት በ"ካንቲን" ደግሞ "ኤል ነ ማንዥ ፓ ደ ፖር" በሉ፤ አሳማ አትበላም። ለሚጾም ልጅ "ሳን ቪያንድ"፣ ያለ ሥጋ።

ወደ ኮምቦልቻው ልጅ ልመለስ። እንግሊዝኛው ጎበዝ ነው። እዚህ ላይ ግን እንግሊዝኛ ራሱ ያሳስታል። "ፓሴ አን ኤግዛማን" ማለት ፈተና ማለፍ አይደለም፤ መፈተን ነው። ማለፍ "ሬዩሲር" ነው። "ሊብሬሪ" መጽሐፍ መሸጫ ነው። መጽሐፍ የሚያውሱበት "ቢብሊዮቴክ" ነው፤ ተማሪው በአጭሩ "ቤ ዩ" ይለዋል። "ሌክቸር" ደግሞ በእነሱ "ሴ ኤም" ነው፤ በትልቁ አዳራሽ፣ በ"አንፊ"፣ የሚሰጥ። "ቴ ዴ" አነስ ባለ ቡድን መልመጃ የሚሠራበት ነው፤ ብዙ ጊዜ ስም ይጠራል። "ቴ ፔ" የላብራቶሪ ሥራ ነው። "ሊሳንስ" መንጃ ፈቃድ እንዳይመስላችሁ፤ የ3 ዓመት የመጀመሪያ ዲግሪ ነው።

ሰዓት ላይም ጥንቃቄ። "ዊት ኧር" የሚሉት 8 ሰዓት በእኛ ከጠዋቱ 2 ነው። "ካቶርዝ ኧር"፣ 14 ሰዓት፣ በእኛ ከቀኑ 8 ነው። በፈተና ሰሞን ስልካችሁ ላይ የእነሱን ሰዓት ብቻ ያዙ። በሁለት ዓይነት የሰዓት አቆጣጠር ማሰብ ያሳስታል።

ፈተናው "ፓርስየል" ይባላል። ውጤት ከ20 ነው፤ ማለፊያው 10። እኛ 90 ከመቶ ለምደን የሄድን ሰዎች 12 ስናይ እንባ ይመጣል። እኔ በመጀመሪያው ወረቀቴ 11 አግኝቼ ለማንም ሳልናገር ሳምንት ቆየሁ። በኋላ ሳውቅ ከክፍሉ ግማሹ ከእኔ በታች ነበር። 12 "አሴ ቢየን" ነው፣ ደህና ውጤት። 14 "ቢየን" ነው። 16 "ትሬ ቢየን" ነው። አብሽር። የወደቀ ሰው ሁለተኛ ዕድል ሊኖረው ይችላል፤ "ራትራፓዥ" ይሉታል። ውጤቱ ላይ "ዴፋያን" ተብሎ ከተጻፈ ግን ሳይፈተን የቀረ ሰው ነው። ይሄ ከዜሮ የባሰ ነው፤ አማካዩ ጨርሶ አይሰላም። ስለዚህ ታመህ ብትቀር ወዲያው ሐኪም ዘንድ ሂድ፤ "ሴርቲፊካ ሜዲካል" ይዘህ ወደ "ስኮላሪቴ" አምጣ፣ ወደ ሬጅስትራር ቢሮው ማለት ነው። ከዚሁ ቢሮ ለመኖሪያ ፈቃድም ለቤትም የሚጠየቀውን ወረቀት ታወጣለህ፦ "ዠ ቩድሬ አን ሴርቲፊካ ደ ስኮላሪቴ"። ከምዝገባ በፊት ደግሞ "ሴ ቬ ኧ ሴ" የሚባል፣ ለተማሪዎች አገልግሎት የሚውል፣ ወደ 100 ዩሮ የሚሆን ክፍያ አለ፤ ደረሰኙን አትጣል። ምግብ ከ"ሬስቶ ዩ"፣ ከተማሪዎች ምግብ ቤት፣ ብላ፤ ከውጪው በብዙ ይረክሳል።

ልጁ ሲነሳ ለመምህር ኢሜይል እንዴት እንደሚጻፍ ጠየቀኝ። እናቴ ሦስተኛውን ቡና እየቀዳች በናፕኪን ላይ ጻፍኩለት። መጀመሪያ "ቦንዡር ማዳም" ወይም "ቦንዡር መስዬ"። ቀጥሎ የየትኛው ክፍል ተማሪ እንደሆነ። ከዚያ ጥያቄው፣ በሁለት መስመር። "መርሲ ዳቫንስ"፣ አስቀድሜ አመሰግናለሁ። "ኮርዲያልማን"፣ ከሰላምታ ጋር። ከሥሩ ስሙ፣ ፓስፖርቱ ላይ እንዳለው፣ ከተማሪ ቁጥሩ ጋር።