ፖኬሞን ላይ የሚያሸንፍ ቡድን እንዴት ይሰራል? ለድሬ ልጆች፣ በስልክም ይሆናል

አቦ ስሙኝማ፣ ድሬ ላይ ጌም ሲባል ኳስ ብቻ ነው የሚመስለው፣ ሳቢያን ሂድ መጋላ ሂድ ጌም ቤቱ ሁሉ ያው ፊፋ ነው፣ ግን ፖኬሞን (ፖኬሞን የሚባሉ ፍጡሮች በቡድን ይዘህ ከሌላ ሰው ቡድን ጋ የምታዋጋበት ጌም) የሚጫወቱ ልጆችም አሉ እና ሁሉም የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው፦ "ምርጥ ስድስቱን ንገረኝ"። ምርጥ ስድስት የሚባል ነገር የለም። ለየብቻ ሲታዩ አንደኛ የሆኑ አብረው ሲገቡ ግን የሚበተኑ ቡድኖች ሞልተዋል፣ ልክ ፊፋ ላይ ስምንት አጥቂ እንደሚያሰልፈው ልጅ። ቡድን ማለት መቀያየር ነው። አንዱ ሲጨንቀው ማን ይገባለታል? ይህን ከመለስክ ግማሹን ስራ ጨርሰሃል፣ ሌላው ቁጥር ነው።

መጫወቻውን በተመለከተ፣ ኒንቴንዶ ስዊች መግዛት አያስፈልግህም። ፖኬሞን ሾውዳውን የሚባል ነፃ ሳይት አለ፣ በስልክህ ብሮውዘር ይከፈታል፣ ፖኬሞን ማሳደግ ምናምን የለም፣ ቲምቢልደር (ቡድን መስሪያው) ውስጥ ገብተህ የፈለግከውን ትመርጣለህ፣ ሌቨሉም ሙቩም (ፖኬሞኑ የሚሰራው ምት ወይ ዘዴ) እዛው ዝግጁ ነው። ጨዋታው ተራ በተራ ስለሆነ ፒንግ (የኔት መዘግየት) ከፍ አለ ብለህ አትሞትም፣ ቀርፋፋ ኔትም ይበቃዋል፣ ታይመር በርቶ ኔት ከተቋረጠብህ ግን ቶሎ ተመልሰህ ግባ ሰዓቱ አይጠብቅህም። እኔ የምወደው ከምሳ በኋላ ነው፣ ከተማው ፀሐይዋን ሸሽቶ ሲተኛ፣ ማንም አይጠራህም ማንም አይልክህም።

ሌላ መጀመሪያ የሚወሰን ነገር ፎርማቱ፣ ማለትም በየትኛው ህግ እንደምትጫወት ነው። ቪጂሲ የሚባለው ኦፊሻሉ ውድድር ሁለት ለሁለት ነው፣ ስድስት ይዘህ ትቀርብና አራት መርጠህ ትገባለህ፣ ሁሉም ሌቨል 50 ነው። ስሞጎን የሚባለው የተጫዋቾች ሳይት ያወጣው ኦዩ የሚባል ፎርማት ደግሞ አንድ ለአንድ ነው፣ ስድስቱም ይገባሉ፣ ሌቨል 100። ለአንዱ የተሰራ ቡድን ለሌላው አይሆንም፣ ሰው ከዩቲዩብ የቪጂሲ ቡድን ገልብጦ ኦዩ ላይ ይገባና ለምን ተሸነፍኩ ይላል። እኔ እዚህ ስለ ኦዩ ነው የማወራው። የተከለከለው ፖኬሞን ዝርዝር በየጊዜው ስለሚቀየር ቲምቢልደሩ ቀይ ፅሁፍ ካወጣብህ አትከራከረው ቀይር።

እሺ ወደ ስራው። ከአንድ ጀምር፣ የምትወደውን እና ጨዋታ ይጨርስልኛል የምትለውን። ጋርቾምፕን እንውሰድ፣ ታይፑ ድራጎንና ግራውንድ ነው (ታይፕ ማለት ማን ማንን እንደሚጎዳ የሚወስነው የፖኬሞኑና የሙቩ ዓይነት ነው)፣ አታኩ 130 ስፒዱ 102 (ይሄ ቤዝ የሚባለው መነሻ ቁጥሩ ነው)፣ ስዎርድስ ዳንስ የሚባለውን ሙቭ አንዴ ከሰራ አታኩ እጥፍ ይሆንና ኧርዝኩዌክ የሚባለውን የግራውንድ ምቱን የሚችለው ጥቂት ነው። አሁን ጠላቶቹን ቁጠር። አይስ 4 እጥፍ ይመታዋል፣ ምክንያቱም ድራጎኑም ግራውንዱም በአይስ ይጎዳሉ፣ ሁለት ሲባዛ በሁለት። ከዛ ድራጎን 2 እጥፍ፣ ፌሪ 2 እጥፍ። በቃ ሶስት ናቸው። ቀጣዩን ስትፈልግ "ማን ጠንካራ ነው" አትበል፣ "እነዚህ ሶስቱ ሲመጡ ማን ይቀበልልኛል" በል።

ኮርቪናይት ይቀበላል። ስቲልና ፍላይንግ የሆነው ትልቁ ቁራ ነው፣ ድራጎንንም ፌሪንም በግማሽ ነው የሚበላው። የሱ ድክመት ፋየርና ኤሌክትሪክ ነው፣ እና እዚህ ጋ ነው የሚያምረው፣ ጋርቾምፕ ፋየርን በግማሽ ይቀበላል ኤሌክትሪክ ደግሞ ጭራሽ አይነካውም። አንዱ የሌላውን ቀዳዳ ደፈነ ማለት ነው። የቀረችው አይስ ናት፣ ኮርቪናይት ላይ ስቲሉ ይቀንሳል ፍላይንጉ ይጨምራል ተጣፍተው ሙሉውን ይበላል፣ ያ አይመቸንም።

ስለዚህ ሶስተኛው ሮቶም ዋሽ፣ ልብስ ማጠቢያ ማሽን ውስጥ የገባው። ኤሌክትሪክና ዋተር ነው፣ አይስን በግማሽ ይቀበላል፣ ሌቪቴት የሚባል አቢሊቲ (የራሱ ችሎታ) ስላለው ግራውንድ አይነካውም፣ ድክመቱ ግራስ ብቻ ነው። ግራስን ደግሞ ኮርቪናይት ሩብ ነው የሚበላው። ክቡ ዘጋ።

ይሄ ሜዳ ላይ ሲሆን እንዲህ ነው። ጋርቾምፕህ ቆሟል፣ ተጋጣሚህ ዊቪል አወጣ፣ ስፒዱ 125 ስለሆነ ቀድሞ አይስ ሊያለብስህ ነው። ሮቶምን ታስገባለህ፣ ምቱ በግማሽ ያርፋል። በሚቀጥለው ተራ ዊል ኦ ዊስፕ (የሚያቃጥል ሙቭ) ትለቅበታለህ፣ ከተቃጠለ የፊዚካል አታኩ ግማሽ ይሆናል እና ዊቪል ከዛ በኋላ ዊቪል አይደለም (85% ብቻ ነው የሚያገኘው፣ አንዳንዴ ይስታል፣ ዝም ብለህ ዋጠው)። ተጋጣሚህ ሮቶሙን ሲያይ ሪላቡም ያመጣል፣ ግራስ ነው። ኮርቪናይት ይገባል፣ የግራስ ምቱ ዉድ ሃመር ቧጠጠው እንጂ አልጎዳውም። ኮርቪናይቱን ሲያይ ደግሞ ሬጂንግ ቦልት አምጥቶ ተንደርቦልት (የኤሌክትሪክ ምት) ይጫናል፣ አንተ በዛው ተራ ጋርቾምፕን ታስገባለህ፣ ዜሮ! አሁን ሬጂንግ ቦልት ከፊትህ ነው፣ ኧርዝኩዌክ 2 እጥፍ ይመታዋል፣ ከሱም ትፈጥናለህ፣ ወይ ይሞታል ወይ ይሸሻል፣ ሲሸሽ ደግሞ ባዶዋን ተራ በስዎርድስ ዳንስ ትጠቀምባታለህ። ሁልጊዜ እንዲህ አይሄድም፣ ጎበዝ ተጋጣሚ መቀየርህን ገምቶ ሌላ ሙቭ ይጫናል፣ ድራኮ ሜቲየር (የድራጎን ምት) ቢሆን ያ ጋርቾምፕ አፈር ነው። ግን አማራጭ እንዲኖርህ ነው ይሄ ሁሉ፣ አማራጭ የሌለው ሰው መገመትም አይችልም።

ቀሪዎቹ ሶስቱ ቀላል ናቸው። ክለፌብል ጨምርበት፣ ፌሪ ስለሆነ ድራጎን አይነካውም፣ ፋይቲንግና ዳርክን በግማሽ፣ የሱን ድክመት ፖይዝንና ስቲልን ደግሞ ኮርቪናይትና ሮቶም ይዘውታል። ድራጋፐልት ለፍጥነት፣ ስፒዱ 142 ነው ብዙ የሚቀድመው የለም። መጨረሻ ኪንጋምቢት፣ እሱ ጓደኞቹ ሲሞቱ እየበረታ የሚሄድ ነው፣ በአንድ ሟች 10% እስከ 50% ድረስ፣ ቀርፋፋ ቢሆንም ሰከር ፓንቹ ቀድሞ ይመታል (ተጋጣሚው አታክ ከመረጠ ብቻ፣ ስታተስ ሙቭ፣ ማለትም የማይመታ ሙቭ ከመረጠ ይከሽፋል፣ እዛ ላይ ነው ሰው ነርቩ የሚነካው)። ፋይቲንግ 4 እጥፍ ነው የሚመታው ግን ድራጋፐልት ጎስት ስለሆነ ኖርማልና ፋይቲንግ አይነኩትም ይገባለታል።

ስድስቱ ሲሞሉ ወረቀት አውጥተህ 18ቱን ታይፕ ፃፍና ለእያንዳንዱ ስንቱ ይጎዳል ስንቱ ይቋቋማል ብለህ አስምር። ሶስት የሚጎዱበት አንድም የማይቋቋምበት ታይፕ ካገኘህ ቡድኑ አላለቀም። ድራጎን ሁለት አለን፣ ጋርቾምፕና ድራጋፐልት፣ ሁለቱም አይስና ፌሪ ይፈራሉ፣ አይስን ሮቶምና ኪንጋምቢት ይይዙታል፣ ፌሪን ግን በግማሽ የሚቀበል ኮርቪናይት ብቻ ነው። ስለዚህ ተጋጣሚህ ጋ ጠንካራ ፌሪ ካየህ ኮርቪናይትህን በትንሹም በትልቁም አታስመታው፣ ጨዋታው ከመጀመሩ በፊት የሁለታችሁም ስድስት ፖኬሞኖች ስለሚታዩ እዛው ጋ ወስነው።

ቁጥሩ። ኢቪ የሚባለው ፖኬሞኑን ለማጠንከር የምታከፋፍለው ነጥብ በድምሩ 510 ነው፣ በአንድ ስታት (አታክ፣ ስፒድ፣ ኤችፒ ማለትም ሕይወቱ ምናምን) ከ252 አያልፍም፣ ሌቨል 100 ላይ 4 ኢቪ አንድ ነጥብ ይሰጣል። ስለዚህ ብዙ ሰው 252 አንዱ ላይ 252 ሌላው ላይ 4 ቁራጭ ያደርጋል፣ ለአጥቂ ይሰራል፣ ለተከላካይ ግን ስንፍና ነው። ከዛ ኔቸር አለ፣ አንዱን ስታት 10% ጨምሮ ሌላውን 10% ይቀንሳል። ጋርቾምፕን ስፒድ ላይ 252 ሞልተህ ጆሊ (ስፒድ የሚጨምር ኔቸር) ካደረግከው ስፒዱ 333 ይሆናል፣ አዳማንት (አታክ የሚጨምር) ካደረግከው 303። ልዩነቷ ትንሽ ትመስላለች አይደል? ቤዝ ስፒዳቸው 100 የሆኑት ሁሉ ከነኔቸሩ 328 ላይ ነው የሚቆሙት። በጆሊ በአምስት ነጥብ ትቀድማቸዋለህ፣ በአዳማንት ቀድመው ይመቱሃል። ፍጥነት ላይ አንድ ነጥብ ማለት ማን ቀድሞ ይሞታል ማለት ነው፣ በግምት አትሙላ፣ የምትፈራውን ፖኬሞን ስፒድ እየው እሱን በአንድ አልፈህ የቀረውን ኤችፒ ላይ ጣል። ግሬት ታስክ ጆሊ ሆኖ 300 ነው ለምሳሌ፣ 303 ይበቃዋል።

ምት ስንት እንደሚጎዳ የሚያሰላ ዳሜጅ ካልኩሌተር የሚባል አለ፣ ነፃ ነው፣ በሌላ ታብ ከፍተህ አስቀምጠው። "ይገድለዋል መሰለኝ" የሚባል ነገር አቁም።

እቃ (ለእያንዳንዱ ፖኬሞን አንድ የምታስይዘው) ሲባል ሁሉም ሰው ላይፍ ኦርብ ይወዳል፣ ምቱን 30% ይጨምራል ግን በመታህ ቁጥር 10% ኤችፒህን ይበላል። ቾይስ ስካርፍ ስፒድን አንድ ተኩል እጥፍ ያደርጋል፣ ግን እስክትወጣ ድረስ አንድ ሙቭ ላይ ይቆልፍሃል። ለኮርቪናይትና ለሮቶም ሌፍትኦቨርስ በቂ ነው፣ በየተራው 1/16 ይመልሳል። ኦዩ ላይ አንዱን እቃ ለሁለት ፖኬሞን መስጠት ይቻላል፣ ቪጂሲ ላይ አይቻልም።

አሁን ጀማሪ የሚዘልለው ግን ጨዋታ የሚጨርሰው ነገር፣ ስቴልዝ ሮክ፣ ተጋጣሚ ሜዳ ላይ ድንጋይ የሚጥል ሙቭ ነው። አንዴ ከተጣለ የገባ ሁሉ ይወጋል፣ ስንት እንደሚወጋ በሮክ ታይፕ ነው የሚሰላው፣ መደበኛው 12.5% ነው፣ ቻሪዛርድ ግን ፋየርና ፍላይንግ ስለሆነ ሜዳ በረገጠ ቁጥር 50% ይሄዳል። ሁለቴ ከገባ ማንም ሳይነካው ሞተ። እኛ ቡድን ውስጥ ክለፌብል ይጥለዋል፣ እና ቡድናችን በመቀያየር ስለሚኖር የነሱን ማፅዳት ግዴታ ነው፣ ኮርቪናይት ዲፎግ አለው። ጎልደንጎ የሚባለው ፖኬሞን ከፊትህ ካለ ዲፎግ አይሰራም፣ አቢሊቲው ስታተስ ሙቭ አያስገባም፣ መጀመሪያ እሱን አባርር። ቡድንህ በዚህ ከተሰቃየ ሄቪ ዱቲ ቡትስ አልብሳቸው፣ ድንጋዩን አይረግጡትም። ኮርቪናይት ዩ ተርን ሮቶም ደግሞ ቮልት ስዊች ይኑራቸው፣ መትቶ የሚወጣ ሙቭ ለመቀያየር ቡድን ደም ስር ነው፣ ቮልት ስዊች ግራውንድ ላይ እንደማይሰራ ግን አትርሳ።

ቴራ በጨዋታ አንዴ ብቻ ነው፣ አንዱን ፖኬሞን ታይፕ ይቀይርለታል። ጋርቾምፕን ቴራ ስቲል አድርገው፣ አይስ ድራጎን ፌሪ ሶስቱም በአንዴ ግማሽ ይሆኑለታል፣ ሰው አይስ ሊለቅበት ሲዘጋጅ በዛው ተራ ትቀይርና ስዎርድስ ዳንስ ትሰራለህ፣ ወላሂ ደስ የሚል ነገር ነው። የምትከፍለው ደግሞ ኤሌክትሪክ ይነካዋል፣ ፋየር ፋይቲንግና ግራውንድ ይመቱታል። እንደቸኮልክ ሶስተኛ ተራ ላይ አትጨርሳት።

ስለ ሙቭ አንድ ነገር ብቻ፣ ትልቅ ቁጥር አያታልልህ። ሃይድሮ ፓምፕ 110 ሃይል አለው ግን 80% ነው የሚያገኘው፣ ሁለቴ ተከታትሎ የማግኘት እድሉ 64% ነው። ሮቶም ሌላ ጥሩ የዋተር ሙቭ ስለሌለው ይታገሱታል፣ ሌላው ላይ ግን አማራጭ እያለህ የሚስት ሙቭ አትያዝ።

የሰው ቡድን መገልበጥ ነውር አይደለም በነገራችን ላይ፣ ስሞጎን ላይ ሳምፕል ቡድኖች አሉ፣ ኮፒ አድርገህ ኢምፖርት ትላቸዋለህ። ነውሩ ለምን እንደተመረጡ ሳታይ መጫወት ነው። ላደር (የደረጃ ውድድሩ) ላይ ከ1000 ትጀምራለህ፣ መጀመሪያ ትወርዳለህ ትወጣለህ ያን አትየው። ስትሸነፍ ሪፕሌዩን ሴቭ አድርግና መጀመሪያ የሞተብህን ፖኬሞን ሳይሆን ከዛ በፊት ያለውን ተራ እይ፣ መቀየር የነበረብህ እዛ ጋ ነው አብዛኛውን ጊዜ። አንዱ ፖኬሞን በተከታታይ ጨዋታ ምንም ካልሰራ እሱን ብቻ ቀይር፣ ሶስቱን በአንዴ ከቀየርክ የቱ እንዳሻሻለው አታውቅም። ክለፌብልን መጀመሪያ ነው ሰው የሚያወጣው፣ ባታወጡት ይሻላል፣ ድራጎን ሲመጣ ትፈልጉታላችሁ።

ከሰፈር ልጅ ጋ ለመግጠም ላደር አያስፈልግም፣ ዩዘርኔሙን ፈልገህ ቻሌንጅ ትለዋለህ፣ ከዚራ ሰፈር ዛፍ ስር ጎን ለጎን ቁጭ ብላችሁም ይሆናል። ብቻ ሰፈርተኛ ቡድንህን በቃሉ ስለሚያውቀው እቃዎቹን አቀያይርበት፣ ሁሌ ሌፍትኦቨርስ ይዞ ያየውን ሮቶም ስካርፍ አልብሰህ አምጣበት።