ወልዳ ወተት የነሳች አሳማ፦ መርፌውን አስቀምጡና ሆዷን እዩ

ጅማ ውስጥ አሳማ የሚያረባ ሰው ጥቂት ነው። ያለውም ከጎረቤት ላለመቀያየም ከከተማው ወጣ ብሎ፣ አጥሩን አጥብቆ ነው። ስለዚህ ችግር ሲገጥመው ብቅ ብሎ የሚጠይቀው ሰው የለውም። የሚደውለው ለእኔ ቢጤ ሐኪም ነው። ስልኩ ደግሞ አንድ ዓይነት ነው።

«ዶክተር፣ ትናንት ወለደች፣ ዛሬ እህል አልነካችም። ኦክሲ ገዝቻለሁ፣ ልውጋት?»

«ቆይ እትዬ። ዓይነ ምድር የጣለችው መቼ ነው?»

ዝም። ከዚያ «እሱንስ አላየሁም» ይመጣል። ይህን ጽሑፍ ያጻፈኝ ያ ዝምታ ነው። (ኦክሲ የሚሉት ኦክሲቴትራሳይክሊን የሚባለውን አንቲባዮቲክ ነው።)

በኮርማ የተጠቃችበትን ቀን እንደጻፋችሁ፣ እርግዝናው 114 ቀን ገደማ (ሦስት ወር ከሦስት ሳምንት ከሦስት ቀን) እንደሆነ እንደምታውቁ፣ ቴርሞሜትርም እንዳላችሁ አድርጌ ነው የምጽፈው። ቴርሞሜትር ከሌላችሁ ዛሬውኑ ግዙ።

ምልክት፦ በወለደች በ3 ቀን ውስጥ ምግብ ዘጋት፣ ጡቷ ጠጠረ፣ ልጆቿ ይጮሃሉ

እናቲቱ በሆዷ ተኝታ ጡቷን ትደብቃለች። ሙቀቷ ከ39.5 በላይ ነው። ጡቷን በአውራ ጣት ጫን ስትሉት የጣታችሁ ምልክት ይቀራል። ግልገሎቹ ከአንዱ ጡት ወደ ሌላው ይሮጣሉ፤ ሲሰለቻቸው ወለል ላይ የቋጠረውን ውሃ ይልሳሉ። ማታ ላይ ጎናቸው ይሰረጉዳል። በማግስቱ እናታቸው ላይ ተከማችተው ሲሞቁ ትጨፈልቃቸዋለች። ያኔ «ክፉ እናት ናት» ይባላል። ክፉ አይደለችም፣ ታማለች።

ከኋላዋ ሂዱና እዩ። ዓይነ ምድሯ እንደ ፍየል በጠጥ ድቡልቡል፣ ደረቅ፣ አንዳንዴም ነጭ ንፍጥ የለበሰ ነው። ወይም ከነጭራሹ የለም።

ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ሆድ ድርቀት ነው። ታሪኩ እንዲህ ነው። በትልቁ አንጀቷ ውስጥ ቁጥር ስፍር የሌለው ባክቴሪያ ይኖራል። ፋይበር (ቃጫ) ያለው ምግብ ሲደርሰው ያብላላውና የአንጀቷን ግድግዳ የሚመግቡ አሲዶች ያወጣል። ለመውለድ ስትቃረብ ግን አንጀቷ በራሱ ጊዜ ይዘገያል። በዚያ ላይ እኛ በቆሎ ብቻ እንሰጣለን፣ ውሃ እናሳንሳለን። ዓይነ ምድሩ ተቀምጦ ይደርቃል። ጠቃሚው ባክቴሪያ ይራባል፤ ኢ ኮላይና መሰሎቹ ጎጂ ባክቴሪያዎች ይፈላሉ። የእነሱ የውጭ ሽፋን መርዝ አለው። የተጎዳው አንጀት ያንን መርዝ ወደ ደም ያሳልፈዋል። ትኩሳቱ ከዚያ ነው የሚመጣው። ወተት የሚያዘው ፕሮላክቲን የሚባለው ሆርሞን የሚወርደውም በዚሁ ነው። ጡቷ ውስጥ ምንም ቁስል ሳይኖር ወተት ሊጠፋ ይችላል ማለት ነው።

በዚህም አያበቃም። የጠጠረው አንጀት የመውለጃውን መንገድ ይጫናል። ምጡ ይረዝማል፤ መጨረሻ ላይ የሚወጡት ሞተው ሊወለዱ ይችላሉ። ምጥ ሲረዝም ደግሞ እጅ ይገባል፣ ከእጅ ጋር ቆሻሻ ይገባል፣ ማህፀን ይመግላል። ከሁለት ወር በኋላ «አልይዝ አለች» የምትባለው ይህችው ናት።

መፍትሄው፦ መጀመሪያ አስነሷት። ብትቆጣም አስነሷት፤ ስትቆምና ስትራመድ አንጀቷ ይንቀሳቀሳል። ውሃ በባልዲ አቅርቡላት። ፉርሽካ ለብ ባለ ውሃ በጥብጡና ስጧት፣ በቆሎውን ለጊዜው ተዉት። የእንግሊዝ ጨው ከምግቧ ጋር ይረዳል፣ መጠኑን ግን ሐኪም ይንገራችሁ፤ በዛ ሲባል ወደ ተቅማጥ ይገለብጣታል። ለትኩሳቱና ለእብጠቱ የሚሰጥ መርፌ አለ፣ እሱን የሚወጋው ሐኪም ነው።

አንቲባዮቲክስ? ጡቱ ወይም ማህፀኑ በርግጥ ከተመረዘ አዎ። በደፈናው ግን አይሆንም። ኦክሲ በጡንቻ ቢወጋም ከፊሉ በሐሞት በኩል አንጀት ይደርሳል፤ ገና የተዳከመውን ጠቃሚ ባክቴሪያ ይጨርሰዋል። ግልገሎቹ የመጀመሪያውን ባክቴሪያ የሚያገኙት ከእናታቸው ነው። እሷን ስታበላሹ እነሱንም ትጎዷቸዋላችሁ።

ኦክሲቶሲንም (ከኦክሲ የተለየ፣ ማህፀንን የሚያኮማትርና ወተት የሚያወርድ ሆርሞን ነው) ልክ እንደ ስኳር ውሃ የሚወጉ አሉ። ውስጥ ግልገል ተሰንቅሮ እያለ ከተወጋች ማህፀኗ ሊቀደድ ይችላል። እንደገና ልበለው፦ ውስጥ የቀረ አለመኖሩ ሳይረጋገጥ ኦክሲቶሲን የለም።

ለግልገሎቹ አትጠብቁ። አሳማ ፀረ በሽታ አቅሙን በእንገር እንጂ በማህፀን አያገኝም፤ 24 ሰዓት ካለፈ አንጀቱ አያሳልፈውም። በቅርብ የወለደች ሌላ አሳማ ካለች ወደ እሷ አዙሯቸው። ከሌለች የላም እንገር ፈልጉ። ሙቀትም ስጧቸው።

እንዳይደገም፦ ከመውለዷ ሳምንት ቀድማችሁ ፉርሽካና አረንጓዴ ነገር ጨምሩ። ለዚህ ጅማ የታደለች ናት፤ የስኳር ድንች ሐረግ፣ ለስላሳ ሣር ሁሌም ይገኛል። የቡና ገለፈት ግን አይሆንም። «በነጻ ነው» እያሉ የሚሰጡ አጋጥመውኛል። ካፌይንና ታኒን አለው፤ የምግብ ፍላጎቷን ይዘጋዋል፣ ከተከመረም ቶሎ ይሻግታል። በምጥ ቀን ማስራብም ይቅር። ባዶ ሆዷን የምታምጥ ጉልበት አይኖራትም። ትንሽ ትንሽ፣ በቀን ሦስቴ ስጧት።

የምግብ ቤት ትርፍራፊ የምትጠቀሙ ደግሞ አስተውሉ። ሮመዳን ሲገባ መጠኑ ይቀንሳል። ዐቢይ ጾም ሲገባ ይዘቱ ይለወጣል። እናንተ ባልዲውን ትገለብጣላችሁ፤ አንጀቷ ግን በአንድ ቀን አይለምድም። ለውጡን በሳምንት ውስጥ ቀስ እያላችሁ አድርጉት። ሳይፈላም አትስጡ።

አሁን ወደ ውሃው። የምታጠባ አሳማ በቀን ከ20 እስከ 40 ሊትር ትጠጣለች። «እኔ እኮ አውቶማቲክ ማጠጫ አስገጥሜያለሁ» ይሉኛል። ያቺ ርካሽ ኒፕል (አሳማዋ ነክሳ የምትጠጣባት የቱቦ ጫፍ) ናት። ውስጧ ያለችው ወንፊት በደለል ከተደፈነች የሚወጣው ጠብታ ነው። አሳማዋ ደቂቃ ሙሉ ነክሳት ትቆምና ሰልችቷት ትተኛለች። መፈተሻው ቀላል ነው፤ ባለ ሁለት ሊትር ሃይላንድ ከሥሯ ያዙና ሰዓት እዩ። በአንድ ደቂቃ ካልሞላ ፍቱና እጠቡ፤ አሁንም ካልሞላ ጣሏት። አንድ ጓሮ ውስጥ ወላዶቹ ሁሉ ተራ በተራ ወተት ይነሱ ነበር። ባለቤቱ ዘሩን ረገመ፣ መኖውን ቀየረ፣ መድኃኒት ቤት ከሰረ። ጥፋቱ ቱቦው ጫፍ ላይ የነበረ ጭቃ ነው። ውሃ የሚቋረጥበት ሰፈር ከሆናችሁ በርሜል ይኑራችሁ።

ውሃ ያነሳት አሳማ ሽንቷም ይወፍራል። እንደ ውሻ ቁጢጥ ብላ እዳሪዋ ላይ የምትውል ከሆነ ደግሞ ያው የአንጀት ባክቴሪያ በብልቷ በኩል ወደ ፊኛ ይወጣል፤ ከዚያ ማህፀን ሩቅ አይደለም። የምትወልድበትን ቤት ከመግባቷ በፊት እጠቡና አድርቁ፤ እሷንም ጡቷንና ኋላዋን እጠቧት።

ምልክት፦ ያልደረሱ እንስቶች ብልታቸው አብጦ ቀላ

ኮርማ የፈለጉ ይመስላሉ። በሦስት ወራቸው ግን ምን ኮርማ? የሻገተ በቆሎ ነው። አንድ ሰው ክረምት ላይ በርካሽ በቆሎ ገዝቶ «ለሰው ባይሆን ለአሳማ ይሆናል» አለኝ። አይሆንም! በእርጥብ በቆሎ ላይ የሚበቅል ፉሳሪየም የሚባል ሻጋታ ዜራሌኖን የተባለ መርዝ ያወጣል። አሳማ ሰውነት ውስጥ ሲገባ ልክ እንደ ሴት ሆርሞን ይሠራል፤ ከእንስሳት ሁሉ ደግሞ አብልጦ እንስት አሳማን ይጎዳል። ትልልቆቹ ያረገዙ መስለው ወራት ይቆያሉ፣ ኮርማ አይፈልጉም። ማፍላትም፣ መቁላትም፣ ፀሐይ ማስጣትም መርዙን አያጠፋውም። ሻጋታው ታጥቦ ቢወርድ እንኳ መርዙ ውስጡ ነው። ጣሉት። ንጹሕ መኖ ሲያገኙ ያልደረሱት በሳምንታት ውስጥ እብጠቱ ይጎድልላቸዋል። እንደ ጅማ ዝናብ በሚበዛበት አገር በቆሎ ሳይደርቅ ጎተራ አይገባም፤ ከመሬትም ከፍ ይበል።

ምልክት፦ ልጆቿ ጡት ከጣሉ በኋላ ኮርማ አልፈለገችም

ጤነኛዋ ከ4 እስከ 7 ቀን ውስጥ ትፈልጋለች። ካልፈለገች ጀርባዋን ዳብሱ። አጥንቷ እጃችሁ ላይ ከመጣ ስታጠባ አልበላችም ማለት ነው። ለምን እንዳልበላች ከላይ ጽፌያለሁ።

ምልክት፦ ተጠቅታ በ21 ቀን እንደገና ኮርማ ፈለገች

አንዴ ከሆነ የማጥቂያው ሰዓት አምልጧችሁ ይሆናል። ከተደጋገመ፣ በተለይ የሚሸት መግል ከጣለች፣ ማህፀን ነው፤ ሐኪም ይያት። ከወሊድ በኋላ ባሉት ሦስትና አራት ቀናት የሚወርደው ጥቂት፣ የማይሸት ፈሳሽ ግን አያስደነግጥም።

ምልክት፦ አስወረደች

እምብዛም አላየውም፤ ሲመጣ ግን ከባድ ነው። ሊያስወርዷት የሚችሉት ብሩሴላና ሌፕቶስፒራ የሚባሉ ባክቴሪያዎች ወደ ሰው ይተላለፋሉ። ፅንሱንም እንግዴ ልጁንም በባዶ እጅ አትንኩ፤ ያረገዘች ሴት በአካባቢው አትድረስ። ሁለት ላስቲክ ውስጥ ቋጥሩና በረዶ ባለበት ዕቃ በዕለቱ ለሐኪም አድርሱ። የቀረውን ውሻ በማያወጣው ጥልቀት ቅበሩ፣ አሳማዋንም ውጤቱ እስኪታወቅ ለይታችሁ አስቀምጡ።