ሞሽን ሴንሰር በመስታወት ውስጥ ለምን አያይም?

ሰው ሲንቀሳቀስ መብራት የሚያበራው ሴንሰር እንቢ ሲል፣ ብሬከሩን፣ ፌዙንና አምፖሉን አይታችኋል ብዬ ልጀምር።

ምልክቱ፦ ክፍሉ ውስጥ ስትንቀሳቀሱ ፓውዛው ይበራል፤ ከመስታወቱ ውጭ ሰው እስክስታ ቢወርድ ግን ዝም ነው።

ምክንያቱ፦ መስታወቱ ራሱ። ደብረ ማርቆስ ውስጥ ደጋግሞ የሚያስጠራኝ ይኸው ነው። ባለሱቁ ሴንሰሩን ዝናብ እንዳይመታው፣ ሌባም እንዳይነቅለው ብሎ ከመስታወቱ ጀርባ ይሰቅለዋል። እንቢ ሲለው «ፎርጅድ ነው» ብሎ ይቀይረዋል፤ አዲሱም ያው ነው። አንዱማ የጠራኝ ሦስተኛውን ገዝቶ ነው። ተንሸራታቹን መስታወት ገፋ ሳደርገው አላፊ አግዳሚው ሁሉ መብራቱን ያበራው ጀመር። እናንተም መጀመሪያ ይህንን ሞክሩ፤ ገንዘብ አያስወጣም።

«ካሜራው በመስታወት እያየ ይሄ ምን ሆነ?» ይሉኛል። የካሜራው የማታ ጨረር የሞገድ ርዝመቱ 0.85 ማይክሮሜትር ገደማ ነው፤ መስታወት ያሳልፈዋል። ሴንሰሩ የሚጠብቀው ግን ከ8 እስከ 14 ማይክሮሜትር ያለውን የገላ ሙቀት ነው፤ ለዚህ ጨረር ተራ መስታወት የጭቃ ግድግዳ ማለት ነው። የሴንሰሩ ነጭ ቆብ ከፖሊኤትሊን የሚሠራውም ይህ ጨረር ስለሚያልፍበት ነው። ቆቡ ሲሰበር በሃይላንድ ጠርሙስ ቁራጭ የሚተኩ ሰዎች አሉ፤ ኧረ ተዉ!

መፍትሄው፦ አውጡት። ከጣሪያው ክፈፍ ሥር፣ ከ2 እስከ 2.5 ሜትር ከፍታ ላይ ስቀሉት፤ ሰው በፊቱ አቋርጦ የሚያልፍበትን ቦታ ምረጡ፣ ፊት ለፊት የሚመጣን ዘግይቶ ነው የሚያየው። ለውጭ ያልተሠራ ዕቃ አንድ ክረምት አያወጣም። ብሬከር ሳታወርዱ ክዳኑን አትክፈቱ፤ ማብሪያውን ማጥፋት ብቻ አይበቃም። የሽቦ ቀዳዳውን በሲልከን ድፈኑ፣ ጉንዳን ይገባበታል። እርጥብ መሰላል ላይ እንዳትወጡ።

ቤቱ የኪራይ ሆኖ ግድግዳ መብሳት ካልተፈቀደ በገላ ሙቀት ሳይሆን ራሱ በሚልከው የሬዲዮ ሞገድ የሚያየውን የማይክሮዌቭ ሴንሰር ግዙ፤ እሱ መስታወት ያልፋል። የጂፕሰም ግድግዳም ስለሚያልፍ ጎረቤት በተንቀሳቀሰ ቁጥር እንዳይበራ ርቀቱን ቀንሱ።

እንጅባራ ብርድ ላይ ጋቢ የተከናነበን ሰው ከሩቅ ካላየው አይግረማችሁ፤ ሴንሰሩ የሚለየው በሙቀት ልዩነት ነው፣ የጋቢው ላይኛ ገጽ ደግሞ እንደ አየሩ ቀዝቅዟል። ወደ አባይ በረሃ ስትወርዱ ደግሞ አየሩ ከገላ ሙቀት ጋር ስለሚቀራረብ ርቀቱ ያጥራል፤ ሴንሲቲቪቲውን ጨምሩ።

እንደተሰካ ያለ ሰው የሚበራ ከሆነ አንድ ደቂቃ ያህል ጠብቁት።