ቀዳዳው ከፓዱ ሲሸሽ፦ በኪካድ ትዕዛዝ መስመር ያስተካከልኩት ችግር

የሰርኪዩት ቦርዱን ወደ ፋብሪካ ከመላኬ በፊት የገርበር ፋይሎቹንና (የቦርዱን ንብርብሮች ቅርጽ ለፋብሪካው የሚገልጹትን) ቀዳዳ የሚበሳባቸውን ቦታዎች የያዘውን የቀዳዳ ፋይል አንድ ላይ ከፍቼ አየሁ። ቀዳዳዎቹ በሙሉ ከፓዶቹ ላይ፣ ማለትም የዕቃዎቹ እግር ከሚበየድባቸው የመዳብ ቦታዎች ላይ፣ ሸሽተዋል። ሁሉም በአንድ አቅጣጫ፣ በእኩል ርቀት። ዲዛይኑ ራሱ ቦርዱን በነደፍኩበት ሶፍትዌር፣ ኪካድ ውስጥ ሲከፈት ግን ምንም እንከን የለውም።

ፍንጩ እኩል መሆኑ ነው። ፋይሉ ተበላሽቶ ቢሆን መዛነፉ የተዘበራረቀ ይሆን ነበር። እኩል ከሸሸ ግን ሁለቱ ፋይሎች የሚለኩት ከተለያየ መነሻ ነጥብ ነው ማለት ነው።

ፋይሎቹን የሚያወጣልኝ ስክሪፕት የኪካድን የትዕዛዝ መስመር መሣሪያ ይጠቀማል። መሣሪያው የመጣው እ.ኤ.አ. በ2023፣ ከስሪት 7 ጋር ነው። ገርበርና ቀዳዳ የሚወጡት በሁለት የተለያዩ ትዕዛዞች ነው። ገርበሩ ቦርዱ ላይ የተቀመጠውን የቀዳዳ መነሻ እንዲጠቀም ታዟል። ለቀዳዳው ግን የመነሻ አማራጭ አልተሰጠውም፤ ካልተሰጠው ደግሞ የሚለካው ከገጹ ጥግ ነው። የቀዳዳውን መነሻ "ፕሎት" አልኩት፤ እንደ ገርበሩ ቦርዱ ላይ ከተቀመጠው መነሻ እንዲለካ ማለት ነው። ወዲያው ገጠሙ።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ጨመርኩ። ከስሪት 8 ጀምሮ የዲዛይን ደንብ ፍተሻም (ቦርዱ እንደ መስመር ርቀት ያሉ ደንቦችን መጠበቁን የሚያየው) ከትዕዛዝ መስመር ይሠራል። ግን ጥሰት ቢያገኝም፣ ካላዘዙት በቀር የሚመልሰው የመውጫ ኮድ ዜሮ፣ ማለትም "ችግር የለም" ነው፤ ስክሪፕቱም ሁሉ ሰላም መስሎት ይቀጥላል። ይሄ በጣም አደገኛ ነው። ጥሰት ሲኖር የተለየ የመውጫ ኮድ እንዲመልስ የሚያደርገውን አማራጭ የግድ አብሩት። ያኔ 5 ይመልሳል፣ ስክሪፕቱም እዚያው ይቆማል። ፋይል የሚያወጡትን ትዕዛዞች ከፍተሻው በኋላ ያስቀመጥኳቸው ለዚህ ነው።