ሌሊት የሚበጠሰው ብሎን

ኮምቦልቻ ባለው ወፍጮ ቤታችን የሞተሩ ማሰሪያ ብሎን ማታ ደህና ያድራል፤ ጠዋት ጭንቅላቱ መሬት ላይ ይገኛል። ሦስቴ! ጎረቤቴማ «አድባሯ ተቆጥታ ነው» ብሎ ቀለደብኝ።

ስብራቱን በባትሪ መብራት አየሁት። እንደ ስኳር ፍርክስክስ ያለ፣ ምንም ያልተለጠጠ። ጥፋቱ የራሴው ነበር። ዝገት ላስለቅቅ ብዬ 12.9 የሚል የጥንካሬ ደረጃ ያላቸውን እጅግ ጠንካራ ብሎኖች የመኪና ባትሪ አሲድ ውስጥ ዘፍዝፌያቸው ነበር። አሲዱ ብረት ሲበላ ሃይድሮጅን ይወጣል፤ ከፊሉ ብረቱ ውስጥ ይሰርጋል። እንዲህ ያለ ጠንካራ ብረት ደግሞ ተወጥሮ ሲቆይ ውስጥ ውስጡን ይሰነጠቃል። ለካ ሞተሩ ቆሞም የሚበጠሰው ለዚህ ነው።

ባለ 12 ሚሊሜትር የነበሩትን እነዚያን ብሎኖች ጣልኳቸው። ቀዳዳውን በትራፓኖ አስፍቼ ባለ 16 ሚሊሜትር፣ የጥንካሬ ደረጃው ዝቅ ያለ 8.8 ብሎን አሰርኩ። ለስለስ ያለ ብረት ይህ ጣጣ እምብዛም አያገኘውም፤ የጎደለውን ጉልበት ውፍረቱ ያካክሳል። ዝገት አሁን በሽቦ ብሩሽ ብቻ ነው። ከጥቅምት ወዲህ አንድም አልተበጠሰም።