ስክሪኑ ሲጠፋ የሚቋረጠው ሬዲዮ

ደሴ በጦሳ ተራራ ሥር ናት፤ የኤፍኤም ሞገድ ደግሞ ጋራ ሲጋርደው ይዳከማል። ስለዚህ እናቴ የምትወደውን የአዲስ አበባ ጣቢያ በስልኳ፣ በቤታችን ዋይፋይ ከፈትኩላት። ስክሪኑ ጠፍቶ ጥቂት ሲቆይ ግን ድምፁ ጸጥ ይላል። ወሬው መሃል ላይ ሲቆረጥባት ማየት አንጀቴን በላው።

ቤተሰቡ ሁሉ ዋይፋዩን ጠረጠረ። ሆኖም ስክሪኑ እስከበራ ድረስ ሬዲዮው ያለ እንከን ይሰማል፤ እንግዲህ ኔትወርኩ ምን አጠፋ? ጥፋቱ የባትሪ ቁጠባው ነበር። አንድሮይድ ከስሪት 6 (እ.ኤ.አ. 2015) ጀምሮ፣ ስልኩ ሳይነካ ሲቀመጥ መተግበሪያዎችን ያስተኛል፤ አንዳንድ አምራቾች ደግሞ ከዚህ የባሰ ያጠብቁታል።

መፍትሔው ቅንብሮች ውስጥ ነው፦ መተግበሪያዎች፣ ከዚያ የሬዲዮው መተግበሪያ፣ ከዚያ ባትሪ፤ እዚያ ያለ ገደብ እንዲሠራ የሚፈቅደውን መምረጥ። የስልኩ አጠቃላይ የባትሪ ቆጣቢም መጥፋት አለበት። ከዚያ ወዲህ ስክሪኑ ቢጠፋም ሬዲዮው አልተቋረጠም።

የድምፅ ጥራቱንም ከ128 ወደ 64 ኪሎቢት በሰከንድ ዝቅ አደረግሁት። በሰዓት 58 ሜጋባይት ገደማ የነበረው ፍጆታ ወደ 29 ወረደ። ለንግግር ፕሮግራም 64 ከበቂ በላይ ነው፤ ሙዚቃ ለሚያዳምጥ ግን 128ቱን አልነካም።